የጆንያው አፍና የመጽሐፉ መግቢያ

ስለ እህል በረንዳ፣ ስለ መርካቶው የእህል ገበያ፣ የጻፍኩት የታሪክ መጽሐፍ አሥራ አንድ ምዕራፍ አለው። አሥራ አንዱንም በሁለት ዓመት ጨረስኩ። አንድ ገጽ ተኩል የሆነውን መግቢያ ለመጻፍ ግን አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀብኝ። በዚህ አንድ ዓመት ከአራት ወር ውስጥ፣ መጽሐፉን ከማንም በፊት ማንበብ የነበረባቸው ሰው ዓይናቸውን አጡ። ሌላው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩን ግን መናገር አለብኝ።

እኔ አዲስ ከተማ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «መግቢያ የሌለው ጽሑፍ ራስ የሌለው ሰው ነው» እያልኩ ከተማሪዎቼ ነጥብ ስቀንስ ኖሬአለሁ። አንዳንዶቹ ዛሬ መርካቶ ውስጥ ሱቅ አላቸው። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉኛል፤ ዕቃ ልገዛ ስገባ ግን ዋጋ አይቀንሱልኝም። አልፈርድባቸውም።

ሰውየው ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ እህል በረንዳ የኖሩ ደላላ ናቸው። ከጎጃም እህል የጫነ መኪና ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው እንደመጡና መኪናው ሲመለስ እሳቸው እንዳልተመለሱ ይናገራሉ። መጽሐፌ ውስጥ ካለው ነገር ግማሹን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ማን የት እንደነበረ፣ የትኛው መጋዘን ማን እጅ ገብቶ ማን እጅ እንደወጣ፣ ቁናው ቀርቶ ሚዛን ሲመጣ ሴቶቹ ምን እንዳሉ፣ ሁሉንም ያውቃሉ። ስማቸው በመጽሐፉ ውስጥ አለ። እዚህ አልጽፈውም፤ ምክንያቱም የእህል በረንዳ ሰው ለብዙ ዘመን በስማቸው አልጠራቸውም። «አሸዋው» ነበር የሚሏቸው። ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ዞር ሲሉ «አሸዋው»።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህል በረንዳ ውስጥ ጆንያ ከአፉ አይታመንም። ጫፉ የሾለ፣ መሐሉ እንደ ቦይ የተቦረቦረ አጭር ብረት አለ፤ መውጊያ እንለዋለን። ጆንያው ጎን ላይ ሰክተው ሲነቅሉት ከሆዱ አንድ ጭብጥ እህል ይዞ ይወጣል። ላይ ያለውን ማንም አያየውም፤ ላይ ያለውማ ሁልጊዜ ያምራል። ጠብ ሲነሣ ደግሞ ከሻጭም ከገዢም የማይወግኑ ሦስት ሰዎች ከመንገድ ይጠራሉ። አንዱ ከአፉ፣ አንዱ ከወገቡ፣ አንዱ ከሥሩ ይወስዳል። ሦስቱ ጭብጥ ትሪ ላይ ጎን ለጎን ይደረግና ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያያል። ሦስቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ጆንያው ንጹሕ ነው፤ ካልሆኑ የሻጩ ነገር አበቃ።

የማይወጋ ጆንያ አንድ ብቻ ነበር፤ የአበልጅ ጆንያ። ልጁን ክርስትና ያነሣህለት ሰው ጤፍ ይዞ ሲመጣ ብረት አውጥተህ ጎኑ ላይ ብትሰካ፣ ሰውየውን በአደባባይ ሌባ እንዳልከው ይቆጠራል። የእኛ ሰው ቢታለል ይሻለዋል።

ከብዙ ዓመት በፊት ሰውየው የአበልጃቸውን ጤፍ ልጇን ለምትድር አንዲት ሴት አሻሻጡ። ሴትየዋ እህል አታውቅም ነበርና «አንተ ምስክሬ ነህ?» አለቻቸው። «ነኝ» አሏት። ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ አንሥተው አሳዩአት፤ ማኛ ጤፍ፣ ወተት የመሰለ። በሠርጉ ቀን እንጀራው ቀረበ፤ ሰው ሁሉ ጎረሰ፤ ከዚያ ማኘኩን አቆመ። ከወገቡ በታች ያለው ጤፍ አሸዋ ተቀላቅሎበት ነበር። አበልጁ ወደ አገሩ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። እሳቸው ግን ቀሩ፤ ቅጽል ስሙም ለቀረው ሰው ወጣ።

ይህን የነገሩኝ በሁለተኛው ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ የሌላውን ሰው ታሪክ ሁሉ ከነገሩኝ በኋላ።

«አስተማሪው» አሉኝ፣ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «አሸዋውን አልቀላቀልኩም። ይሄንን ጻፍ።»

«እጽፋለሁ ጋሼ።»

«ግን ሳልወጋ መስክሬያለሁ። ይሄንንም ጻፍ።»

«ይሄኛው ምን ያደርጋል? ዋናው አለመቀላቀልዎ ነው» አልኩ።

«የኔ ጥፋት እሱ ነው እኮ። ባልሠራሁት ስሰደብ ስኖር የሠራሁት ሳይነገር ቀረ። ሴትየዋንም ይቅርታ ሳልጠይቃት ሞተች።»

ሁለቱንም እንደምጽፍ ቃል ገባሁ። እሳቸውም አንድ ነገር ጨመሩ። የታተመውን በዓይናቸው ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ምዕራፉን ጽፌ ስጨርስ ወረቀቱን ላምጣልዎት አልኳቸው፤ እንቢ አሉ። «ወረቀት ነገ ይለወጣል። ደላላ ነኝ፤ ቃል ስንቴ እንደሚለወጥ አውቃለሁ። የታተመውን አምጣ።» ላንብብልዎት ስላቸውም እንቢ አሉ። «ስሜን ያጠፋው በጆሮ የዞረ ወሬ ነው። ጆሮ አልፈልግም፤ በዓይኔ ነው የማየው።»

ያኔ ዓይናቸው ግላኮማ እንደያዘው ታውቆ ነበር። ሐኪሙ የሄደው እንደማይመለስ፣ የቀረውን በጠብታ እንደሚያቆዩት ነግሯቸዋል። ጠብታውን ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ያወጡና፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ተሸካሚዎቹ «መንገድ! መንገድ!» እያሉ በጎናቸው ሲያልፉ ያንጠባጥባሉ። ግማሹ ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። ጊዜ እንዳልነበረን አውቅ ነበር። ማንም አልደበቀኝም።

የቀረኝ መግቢያው ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው መግቢያዬ የሰው ልጅ እህል መዝራት ከጀመረበት ዘመን ይነሣል። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስደርስ ገና አባይን አልተሻገርኩም ነበር። ጽሑፉን በኮምፒውተር የምትጽፍልኝ ሴት አንድ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጠባብ ክፍል አላት፤ የሰው ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ስትጽፍ ትውላለች። እጇ ፈጣን ነው፤ አፏም እንደዚሁ። ዘጠኙን ገጽ ጽፋ ሰጠችኝና «ጋሼ፣ መርካቶ መቼ ነው የምንደርሰው?» አለችኝ። እየሄድን ነው አልኳት።

ሁለተኛው መግቢያ «ታሪኩን የማያውቅ ትውልድ» ብሎ ይጀምራል። የቀረውን ራሳችሁ ልትጨርሱት ትችላላችሁ፤ እሷም ጨረሰችው። ሁለተኛውን መስመር ሳልሰጣት እጇ ቀድሞ ጻፈው። «ይቅርታ፤ ትናንት ለሌላ ሰው ጽፌው ነበር» አለችኝ። በዚያ ሰው በጣም ተናደድኩ።

ሦስተኛው መግቢያ መጽሐፉን ስጽፍ ያየሁትን መከራ ይተርካል። መብራት ስንት ጊዜ እንደጠፋ፣ መዝገብ ቤት ስንት ጊዜ «ነገ ይምጡ» እንደተባልኩ፣ ወገቤን እንዴት እንዳመመኝ። ስድስት ገጽ ነው፤ ከመጽሐፉ ሁሉ በስሜት የተጻፈው ክፍል ይህ ይመስለኛል። «እና አንባቢው ምን ያድርግልዎት?» አለችኝ። ስድስቱን ገጽ አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

በአራተኛው ላይ ምስጋና ጻፍኩ። አንድ ሰው አመስግኜ ሌላውን ብተው ይቀየመኛል ብዬ ምንም ያላደረጉልኝን ሁሉ አመሰገንኩ። መጽሐፍ አትጻፍ ብሎ የመከረኝን ጎረቤቴን እንኳ «ለሰጠኝ ገንቢ አስተያየት» ብዬ አስገባሁት። በአምስተኛው «እህል» ማለት ምን እንደሆነ፣ «በረንዳ» ማለት ምን እንደሆነ አብራራሁ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ያንን መጽሐፍ የሚገዛ ይመስል። ስድስተኛውና ሰባተኛው የአራተኛውና የአምስተኛው ድብልቅ ነበሩ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ።

አሁን ሳስበው ፈርቼ ነበር። አሥራ አንዱ ምዕራፍ የሌሎች ሰዎች ነው፤ እነሱ ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩ። መግቢያው ላይ ግን የምናገረው እኔ ነኝ። ደግሞም እዚያ ላይ ነው ሰው «ይሄ ሰውዬ ማነው? ለምን ልስማው?» የሚለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አርባና ሃምሳ ተማሪ በግዱ ሰምቶኛል፤ በሩ ስለተዘጋ ነው። መጽሐፍ በር አይዘጋም።

በየማክሰኞው እህል በረንዳ እሄዳለሁ። ሰውየው ሥራ ከተዉ በኋላ የወንድማቸው ልጅ ሱቅ ደጃፍ፣ ተገልብጦ የተቀመጠ ሣጥን ላይ ይውላሉ። ሲያዩኝ አንገታቸውን ያቀናሉ።

«መጣ?»

«መግቢያው ቀርቶኛል ጋሼ።»

«ቤቱን ሁሉ ሠርተህ በሩን ረሳኸው?»

«በሩ ነው ያስቸገረኝ።»

«እንግዲያው መስኮት አብጅለትና በመስኮት እንግባ።»

እስቃለሁ፤ እሳቸውም ይስቃሉ። በሚቀጥለው ማክሰኞም እንደዚሁ። አንድ ቀን ደግሞ ራሴን ለማጽናናት ይሁን እሳቸውን አላውቅም፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ጋሼ» አልኳቸው።

«የኔ ዓይን ደግሞ እያደር ይጨልማል» አሉኝ። ያን ቀን አልሳቁም።

እኔ ግን ወደ ቤቴ ሄጄ የመግቢያዬን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በሌላ ዓረፍተ ነገር ቀየርኩ። በሚቀጥለው ቀን የፊተኛውን መለስኩ።

እንደዚህ እያልን ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ከመስከረም በኋላ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሄድኩ። ፊታቸው ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። እጄ አየር ላይ ቀረ። ወደ እኔ ቀጥ ብለው እያዩ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልነበረም። መጀመሪያ የተቀየሙኝ መሰለኝ። ተቀይመውኝ ቢሆን ኖሮ ብዬ አሁንም እመኛለሁ።

«ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«አስተማሪው። መጽሐፉ ነው?»

«አይደለም... መግቢያው...»

በዳበሳ ፈልገው እጄን ያዙና ወደ ታች ሳብ አድርገው አስቀመጡኝ። አንድ ሚዛን ላይ ሰዎች ይጨቃጨቁ ነበር፤ ያንን እየሰሙ ነበር። ከዚያ «ተወው። አሁን ቢታተምም ባይታተምም ለኔ ያው ጥቁር ነው» አሉኝ።

አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ታክሲ መያዝ ስላልቻልኩ በአትክልት ተራ በኩል በእግሬ ሄድኩ፤ የበሰበሰ ቲማቲም ላይ አንሸራትቶኝ ልወድቅ ስል አንዲት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ያዘችኝ። «አባባ፣ ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት?» አለችኝ። ሽንኩርቱ ነው አልኳት።

ቤቴ ገብቼ፣ ኮቴን ሳላወልቅ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካባቢ ቁጭ ብዬ መግቢያውን ጻፍኩ። ምሳዬን እንኳ አልበላሁም። ሳይመሽ ጨረስኩት። የሰው ልጅ እህል መዝራት ከመቼ ጀመረ፣ መዝገብ ቤት ምን አለኝ፣ ሁሉም ጠፋ። እንዲህ ብሎ ይጀምራል፤ «በዚያ ሠርግ ላይ መጀመሪያ የቆመው ዘፈኑ አልነበረም፤ ማኘኩ ነበር።» ከዚያ ጆንያው ከየት እንደመጣ፣ በማን እጅ እንዳለፈ፣ አንድ ጆንያ ጤፍ ሙሽራይቱ ቤት እስኪደርስ ስንት ሰው አምኖ መቀበል እንዳለበት ይናገራል። «ይህ መጽሐፍ ስለ እነዚያ ሰዎች ነው» ይልና ያበቃል። ያበቃል ስል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሬአለሁ። ደላላውን በስማቸው ጠርቼ «በዚህ ነገር ምንም ጥፋት የሌለባቸው ሰው» አልኳቸው።

ለምን እንደጻፍኩት አውቃለሁ። ዓይናቸውን ስላጠፋሁ ነው። ሐኪሙ እንደዚያ እንደማይል አውቃለሁ፤ እኔ ግን እንደዚያ ነው የማስበው። አንድ ነገር ልሰጣቸው ፈለግኩ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ዓረፍተ ነገሩ ያምር ነበር። «ሳይወጉ መስክረዋል» የሚለው ሰባተኛው ምዕራፍ ውስጥና መደምደሚያው ላይ እንደ ቃሌ አለ፤ መግቢያው ላይ ምን ይሠራል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

የኮምፒውተሯ ሴት ጽፋ ስትጨርስ ዞር ብላ አየችኝ። «ይሄ ነው መግቢያ» አለችኝ። «ከዚያስ? ማን ነው የቀላቀለው?» ብላ ጠየቀች። አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ስትጽፍልኝ፣ ቀጥሎ ያለውን ለማወቅ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም።

መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ አንዱን ይዤ እህል በረንዳ ሄድኩ። አንሥተው አሸተቱት። ቀለሙ ገና ይሸት ነበር።

«ላንብብልዎት» አልኩ።

«አንተ ሻጭ ነህ» አሉኝ። «ሻጭ የራሱን ጆንያ ወግቶ ያውቃል?»

ምን ሊያደርጉ እንደሆነ የገባኝ የወንድማቸውን ልጅ ጠርተው «ከመንገድ ሦስት ሰው አምጣልኝ፤ አስተማሪውንም እኔንም የማያውቁ፤ ማንበብ የሚችሉ» ሲሉት ነው። የወንድማቸው ልጅ አርባ ዓመት ያለፈው ጎልማሳ ነው፤ ለምን ብሎ አልጠየቀም። እህል በረንዳ ውስጥ ሦስት ሰው ጥራ ከተባለ ለምን እንደሆነ ይታወቃል።

መጀመሪያ ሽምብራ ልትገዛ የመጣች ጥላ የያዘች ሴት መጣች። «ከወገቡ» አሏት። እኔ ሰባተኛውን ምዕራፍ፣ የእሳቸውን ታሪክ ገልጬ ሰጠኋት። ጥላዋን ብብቷ ውስጥ አድርጋ አነበበች፤ «ደላላው አሸዋውን አልቀላቀሉም። ጆንያው የአበልጃቸው ስለነበረ ግን ሳይወጉ መስክረዋል።» ሰውየው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴትየዋ ጥቂት ቆማ «ከዚያስ?» አለች። አመስግነው አሰናበቷት።

ሁለተኛው የታክሲ ተራ አስከባሪ ነበር። «ከሥሩ» አሉት። የመደምደሚያውን ገጽ ሰጠሁት። አቃቂ፣ ሳሪስ ብሎ ሲጣራ በሚጠቀምበት ድምፅ አነበበው፤ አካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። «እንደ ደላላው ያለ ሳይወጋ የመሰከረ ሰው በየመጋዘኑ ነበር፤ ገበያው የቆመውም የወደቀውም በእነሱ ቃል ነው።» ሰውየው እንደገና ነቀነቁ። ደረቴ ቀለል አለኝ።

ሦስተኛው ተሸካሚ ነበር። የያዘውን ጆንያ ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ መጽሐፉን ተቀበለ። «አንተ ከአፉ» አሉት። መግቢያውን ከፈትኩለት። ቀስ እያለ፣ ቃሉን እየከፋፈለ ነበር የሚያነበው። ማኘኩ የቆመበት ላይ ሲደርስ ሳቅ አለ። አንድ ገጽ ተኩል እንደዚያ ረጅም ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። መጨረሻው ላይ ደረሰ፤ «በዚህ፣ ነገር፣ ምን-ም፣ ጥፋት፣ የሌለ-ባቸው፣ ሰው።»

«ድገማት» አሉት።

ደገማት። አሁን ለምዷት ስለነበር በአንድ ትንፋሽ አነበባት።

«ተባረክ ልጄ፤ ሥራ እንዳላስፈታህ» አሉት። ተሸካሚው ጆንያውን ተሸክሞ ሄደ። የወንድማቸው ልጅ ሱቁ ውስጥ ገባ። ማንም ጎንበስ ብሎ የሚያየው ትሪ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ግን ያየኝ መሰለኝ።

«አፉ ማኛ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መግቢያ ነው እኮ። አንባቢን ለመያዝ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ሲነበብ ሰምተዋል...»

«ሰው መጽሐፍ ሲገዛ የቱን ያያል?»

«መግቢያውን።»

«ሰባተኛው ድረስ የማይሄድ አለ?»

«አለ። ይበዛል።»

«እሱ ምን ይዞ ይሄዳል?»

መጽሐፉን ዘጋሁት።

«ለርስዎ ብዬ ነው» አልኩ በመጨረሻ።

«አበልጄም ለኔ ብሎ ነው አፉን ማኛ ያደረገው። እንዳላፍር።»

ተናደድኩ። ከሦስት ዓመት በላይ ስመላለስ፣ ወገቤ ሲቆረጥ፣ ስማቸውን ላድስ ስደክም፣ ከመንገድ በጠሩት ተሸካሚ አስመዘኑኝ ብዬ ተናደድኩ። ሁለት ማክሰኞ ሳልሄድ ቀረሁ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ልከራከራቸው በሐሳቤ ስንት ጊዜ ተሟገትኩ፤ በሐሳቤም ቢሆን አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፍኩም። ምክንያቱም ያደረግሁት ነገር ምን እንደሆነ አውቀው ነበር። መጽሐፉ እውነት ነው፤ ከሥሩም ከወገቡም። ከላዩ ላይ ብቻ አንድ እፍኝ የሚያምር ነገር ነስንሼበታለሁ። ያውም የዚያን ጆንያ ታሪክ እየተረክሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ኮምፒውተሯ ሴት ሄጄ ነገሩን ነገርኳት። «ሁለት ሦስት ቃል ነው ያጣላችሁ?» አለችኝ። ከዚያ ወረቀት አስገብታ እንድነግራት ጠበቀች። እንዲህ አልኳት፤ «እርማት። በመግቢያው መጨረሻ ላይ ‹ምንም ጥፋት የሌለባቸው› የሚለው ‹አሸዋውን ያልቀላቀሉ፣ ነገር ግን ሳይወጉ የመሰከሩ› ተብሎ ይነበብ።» ደጋግማ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈችው፤ አባዝተን በመቀስ ቆራረጥነው። በእጃችን የቀረው ጽሑፍ ከአንድ የአውቶቡስ ትኬት አይበልጥም። አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈልጌ ያጣሁት እሱን ነበር።

መጽሐፎቹን የያዙትን ካርቶኖች እህል በረንዳ፣ የወንድማቸው ልጅ ሱቅ ውስጥ አስገባሁ። ሰውየው እዚያ ካልሆነ አይለጠፍም አሉኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ሙጫ ይዤ እየገለጥኩ ለጠፍኩ። የእህሉ ብናኝ ሙጫው ላይ እየተነሰነሰ ወረቀቶቹ ሁሉ ቡናማ ሆኑ። እያንዳንዱን ለጥፌ ለእሳቸው አቀብላለሁ፤ እሳቸው ሽፋኑን ይገልጡና መግቢያው መጨረሻ ላይ በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። የወረቀቷን ጠርዝ ሲያገኙ ወደ ጎን ያስቀምጡታል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደክሞኝ ሁለቱን ሳልለጥፍ አሳለፍኳቸው።

«ይሄ የለውም» አሉኝ። ጥቂት ቆይተውም «ይሄም» አሉኝ።

ይቅርታ ጠየቅኩና ለጠፍኩ።

በሦስተኛው ቀን የመጨረሻውን መጽሐፍ ሳቀብላቸው አልዳሰሱትም። የወንድማቸውን ልጅ ጠሩና ሦስት ሰው አስመጡ። አንድ በቆሎ የሚገዛ ሰው፣ አንዲት የጆንያ ሰፊ፣ ማስክ ያደረገ አንድ ጎልማሳ። ሦስቱም አንድ ነገር ብቻ አነበቡ፤ ያችን እርማት። «አሸዋውን ያልቀላቀሉ፣ ነገር ግን ሳይወጉ የመሰከሩ።» በሦስት ድምፅ፣ አንዱ በጎጃም፣ አንዷ በጉራጌ ለዛ፣ አንዱ ከማስክ ሥር። ቃሉ ግን አንድ ነበር። ሰፊዋ አንብባ ስትጨርስ «እኚህ ሰውዬ በሕይወት አሉ?» ብላ ጠየቀች።

«አለሁ» አሏት።

ሰዎቹ ሄዱ። እሳቸው መጽሐፉን ዘግተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ሁለቱንም እጃቸውን ጫኑበት። ፊታቸውን ወደ መንገዱ፣ ወደ ተሸካሚዎቹ ድምፅ አዞሩ።

«አሁን አየሁት» አሉኝ።

ከዚያ እጃቸውን ሰጡኝና ወደ ቤታቸው ወሰድኳቸው።